ከነቤታችን የተሻገርነው የደረቀ ወንዝ

ሚሲሲፒ ወንዝ ጥሎን የሄደው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ቂሙ ግን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን፣ በአንድ የጎርፍ ሰሞን፣ ያ ትልቅ ወንዝ መጠማዘዝ ሰለቸውና በጀርባችን በኩል በአቋራጭ ነጎደ። ሰዉ ጠዋት ተነሥቶ ውሃ ሊቀዳ ቢወርድ ጭቃና የሚንፈራገጥ አምባዛ ብቻ አገኘ ይባላል። እኛ የማቢን መታጠፊያ ሰዎች የቴነሲ ግዛት ልጆች ነን፤ የተቀረው ቴነሲ ግን በሙሉ ከወንዙ ማዶ ቀረ። ከዚህ ወገን ያለው ጎረቤት ሁሉ አርካንሶ የሚባለው ሌላው ግዛት ነው። ሕጉ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ወንዝ ቀስ በቀስ ከሸሸ ድንበሩም አብሮት ይሸሻል፣ ድንገት ከዘለለ ግን ድንበሩ አሮጌው ቦታ ላይ ይቀራል። የኛው ዘለለ። ስለዚህ ድንበሩ ዛሬም ከቤታችን በታች፣ በደረቀው ወንዝ መሀል ያልፋል። ምልክት የለውም፤ ሣርና ጭቃ ነው።

ባሌ ሆይት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ወንዙ ሄደ እንጂ እኛ የት ሄድን?" ይል ነበር። ምርጫ በመጣ ቁጥር የክት ልብሱን ለብሶ፣ እስከ ድልድዩ ድረስ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በቴነሲ ምድር ድምፁን ሰጥቶ ሲመለስ ይመሻል። "አንተ ሰው፣ አታርፍም?" ሲሉት ይቆጣል። እኔ ደግሞ ከሱ የባስኩ ነኝ። አሁን የተቀበረው ከቤታችን ጓሮ፣ ከፔካን ዛፎቹ ሥር ነው፤ በቴነሲ አፈር።

ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሸለብ ሲያደርገኝ ወንዙ ይሰማኛል። አኩሪ አተሩ ማሳ ላይ ውሃ ይሞላል፤ ጀልባ ያልፋል፤ እናቴ ከዳር ቆማ አንሶላ ትጨምቃለች፣ ከአንሶላው የሚወርደው ውሃ አያልቅም። ዓይኔን ስገልጥ ቅጠል ነው የሚንሿሿው። ልጄ ኔቫ "ንፋስ እኮ ነው እማዬ" ትለኛለች። ንፋስ መሆኑን መች አጣሁት? እብድ መሰልኳት እንዴ! ንፋስም ይሁን፣ ደስ ይለኛል።

ኔቫ አንድ ልጄ ናት። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን፣ በመኪና ተጎትታ በመጣችው በተጎታች ቤታችን። ክሊፍተን በምትባለው የአርካንሶ ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ ምግብ ታበስል ነበር። አባቷ ጓሮ የወደቀ ቀን፣ አምቡላንሱ ከቴነሲ ተነሥቶ ድልድዩን ዞሮ እስኪደርስ ድረስ፣ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ምን እንደሚደረግ አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። ስሙን ብቻ ነበር የምንጠራው። ከቀብሩ በኋላ "ነርስ እሆናለሁ" አለችኝ። ፀጉሯ መሸበት ከጀመረ በኋላ!

"ላም አለኝ በሰማይ!" አልኳት። "ማን ነው አንቺን የሚያስተምረው?"

"ኮሌጅ ነዋ።"

"የታለ ኮሌጁ?"

"በምዕራብ በኩል ነው፣ በረሃው ውስጥ። እዚህ ሆኜ በኮምፒውተር ነው የምማረው እማዬ። መጨረሻ ላይ ብቻ ክሊፍተን ክሊኒክ ውስጥ በእጄ እለማመዳለሁ። ተስማምተውልኛል።"

አይታው የማታውቀው ኮሌጅ፣ አይቷት የማያውቅ አስተማሪ። ከሥራ ስትመለስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፤ በቤታችን ኢንተርኔቱ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። እኔ የበቆሎ ዳቦ እጋግራለሁ፣ እሷ ከማላያቸው ሰዎች ጋር ስለ ኩላሊት ታወራለች። አንዳንዴ በኮምፒውተሩ ላይ ከአስተማሪዋ ጀርባ ቀይ ተራራ ይታያል፤ ያ ተራራ የወጥ ቤታችንን ግድግዳ የነካ ይመስለኛል። እንዲህ እንዲህ እያልን ክረምቱም በጋውም ተፈራረቀ። ልጄ ጎበዝ ሆነች። አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው፣ ጎበዝ ሆነች።

ለክሊኒኩ ልምምድ ስትዘጋጅ የመንጃ ፈቃዷን ቅጂ ላከች። በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ኔቫ እጇ ሊጥ ስለነበር ድምፁን ለቀቀችው፤ እኔም ሰማሁ። ትሬንት የሚባል የኮሌጁ ሰው ነው።

"አድራሻዎ አርካንሶ ይላል" አላት። "መንጃ ፈቃድዎ ደግሞ የቴነሲ ነው።"

"ደብዳቤ የሚመጣልን በክሊፍተን ፖስታ ቤት በኩል ነው፣ ክሊፍተን ያለችው አርካንሶ ነው። እኛ የምንኖረው ግን ቴነሲ ነው።"

"ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ?"

"ሁለቱም" አለች ምስኪን።

ይኼ ስሕተት የኛ የመታጠፊያ ሰዎች ስሕተት ነው። ሌላ ሰው አይሳሳተውም። አድራሻ ሲሉን ሁላችንም ሳናስብ "ክሊፍተን፣ አርካንሶ" እንላለን፤ አለዚያ ደብዳቤው ማዶ ሄዶ ይቀራል። ኔቫም ስትመዘገብ ያንኑ ጻፈች። ኮሌጁም የአርካንሶ ተማሪ ናት ብሎ፣ "በግዛትዎ ይህ ትምህርት ለነርስነት ፈቃድ ያበቃዎታል" ብሎ ነግሯታል። አሁን ትሬንት የሚለው፣ ኮሌጃቸው በቴነሲ የማስተማር ፈቃድ የለውም፤ ቴነሲ ለሚኖር ተማሪ ትምህርቱ ለምንም አያበቃም።

"ማለት... የተማርኩት ሁሉ?" አለች ኔቫ።

"አዝናለሁ። ግን ያሳሳቱን እርስዎ ነዎት።"

ደሜ ፈላ። "አንተ ልጅ!" ብዬ ወደ ስልኩ ጮህኩ። "ከበረሃ ሆነህ አገራችንን ልትነግረን ነው? ወንዙ ነው ያሳሳተህ! ወንዙን ክሰሰው!"

"ማን ናቸው?" አለ ትሬንት።

"እናቴ ናት" አለች ኔቫ፤ ስልኩን ዘግታ፣ በሊጥ እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። አባቷ የሞተ ቀን እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም።

በነጋታው ልቧ ተመለሰ። ሆይትን ነው የምትመስለው፣ እምቢ ማለት ታውቃለች። መጀመሪያ ለኮሌጁ አቤት አለች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት። ከዚያ ወዲያ አቤቱታው የሚሄደው ኮሌጁ ወዳለበት ግዛት መሥሪያ ቤት ነው አሉ። በሌላ ግዛት ሆነው በኮምፒውተር የሚማሩትን የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ ግዛቶቹ ተስማምተውበታል፤ አቤቱታውንም የሚያየው የኮሌጁ አገር ነው። እኔ ሳቅሁ። "ወንዙን በዓይኑ ያላየ ሰው ስለ ወንዙ ሊፈርድ ነው!" አልኩ።

ፈራጇ ወይዘሮ ኦካምፖ ትባላለች። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ከስልኩ ውስጥ ሳይሆን ከእንቅልፌ ውስጥ የምታወራኝ ይመስለኝ ነበር። አሮጌው ወንዝ የት እንደነበር፣ አሁን የት እንዳለ፣ ሁሉን ጠየቀች። በመጨረሻ ፍርዷን ሰጠች።

"ኮሌጁ የጠየቀዎት ደብዳቤ የት እንደሚደርስዎት ነው" አለቻት። "መጠየቅ የነበረበት ግን እርስዎ ራስዎ የት እንዳሉ ነበር። ሕጉ የሚያየው ተማሪው ያለበትን ቦታ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የነሱ ነው። ወይ የከፈሉትን ይመልሱልዎታል፣ ወይ ደግሞ የመጨረሻው ልምምድ ሲጀመር በእርግጥ አርካንሶ የሚኖሩ ከሆነ፣ የተማሩትን ሁሉ ቆጥረው ሊያስጨርሱዎት ይገደዳሉ።"

"በእርግጥ ማለት?"

"በእርግጥ ነዋ። የሚተኙበት አልጋ፣ ኮምፒውተርዎን የሚከፍቱበት ጠረጴዛ። ወረቀት ላይ ያለ አድራሻ አይበቃም። እኔ ራሴ ደውዬ አረጋግጣለሁ።"

ያን ቀን ዴልበርት ሊጠይቀን መጣ። ዴልበርት ጎረቤታችን ነው፤ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም እርሻ አለው፣ በዚያ ላይ ወሬ አያመልጠውም። በረዶ የገባበት ጣፋጭ ሻይ ይዞ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

"ምን ችግር አለው?" አለ። "እህቴ ክሊፍተን ናት። እሷ ቤት ነው የምተኛው ትበላቸው።"

"ልክ ነው" አልኩ እኔ። "ማን ያያታል?"

"ነርስ ልሆን ነው እማዬ" አለች ኔቫ። "ሰዉ ልብሱን አውልቆ ነው የሚያምነኝ። ገና በር ላይ ልዋሽ?"

"እንግዲያስ ክሊፍተን ተከራዪና ሂጂ።"

"አንቺንስ? ባለፈው መታጠቢያ ቤት ወድቀሽ ማን ነው ያነሣሽ?"

"ራሴ እነሣ ነበር።"

"በምን?" አለ ዴልበርት። "በምላስዎ?"

"አንተ ዝም በል! ሻይህን ጠጣ።"

ሻዩን አስቀመጠ። ወደ ደረቁ ወንዝ አየና ተንበርክኮ ከቤታችን ሥር አንገቱን አስገባ። ሲወጣ ፊቱ በርቷል። "እትዬ ኢዩላ፣ ይኼ ቤት እኮ ጎማ አለው" አለ። "ከደረቁ ወንዝ ማዶ ያለው የአርካንሶ መሬት የኔ ነው። እናንተ ሁለታችሁ ከመጣላት ቤቱን አንጎትተውም?"

ኔቫ ወደኔ አየች። ለምናኝ ቢሆን ኖሮ እቆጣት ነበር፤ ዝም ብላ ማየቷ ነው የበላኝ።

"የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ!" አልኩ። "ሆይት ዕድሜውን ሙሉ አልሄድንም ሲል ኖሮ፣ እኔ ሬሳውን ጓሮ ጥዬ ልሂድ? ከዚህ ቤት አልወጣም። ከጎተታችሁ ከነኔ ጎትቱት!"

ይኼን ያልኩት ይተዉታል ብዬ ነው። እኔን ውስጥ አስቀምጦ ቤት የሚጎትት ጨካኝ አለ ብዬ መች ጠረጠርኩ?

ዴልበርት ኮፍያውን አነሣ። "እንዳሉ ይሁን። ክብደትዎ እንደሆነ ለትራክተር አይከብደውም።"

የሄድንበት ጠዋት ጉም ነበር። በጋው አልቆ መኸሩ የተቃረበበት ጊዜ ነው፣ ደረቁ ወንዝ ከመሀሉ ጭቃ በቀር ያለቅጥ ደርቋል። አዲስ ጎማ ገጥመውለታል፤ ሳህኖቹን ኔቫ በብርድ ልብስ ጠቅልላቸዋለች። እኔ ሳሎን ውስጥ፣ ወንበሬ ላይ፣ ቦርሳዬን ታቅፌ ቁጭ አልኩ። እንደ ሙሽራ! ዴልበርት ትራክተሩን አስነሣ፤ ቤቱ አቃሰተ፣ ተነቀነቀ፣ ከዚያም መሬቱን ለቀቀ።

እግዜር ያሳያችሁ፤ በመስኮት ሳይ የፔካን ዛፎቹ ይሄዳሉ። ቆመው የኖሩ ዛፎች አንድ በአንድ እያለፉ ጉሙ ውስጥ ይገባሉ። የሆይት መቃብርም አለፈ። ቤቱ ወደ ታች ሲያዘነብል ጉሙ እስከ መስኮቱ ደረሰና ከሥራችን መሬት መኖሩ ጠፋኝ። በውሃ ላይ የምንንሳፈፍ መሰለኝ። ወንዙ የተመለሰ፣ እኛን ሊወስድ የመጣ መሰለኝ። እናቴ ከዳር ቆማ ይሆናል ብዬ በመስኮት ፈለግኋት። አልፈራሁም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። "ሆይት" ብዬ ተጣራሁ፤ ድምፄ ግን ከትራክተሩ ጩኸት አልበለጠም።

ከዚያ ቤቱ ቆመ። አንድ ጎን ሰመጠ፤ መብራቱ ተወዛወዘ። ውጪ ዴልበርት ይሳደባል፤ ጎማው ጭቃው ውስጥ ገብቷል። ትንሽ ቆይቶ ኔቫ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ገባችና ከአጠገቤ ተንበረከከች።

"እማዬ፣ መሀሉ ላይ ነን" አለች። "ልክ ድንበሩ ላይ። የኔ መኝታ ቤት ተሻግሯል፣ ያንቺው ግን አልተሻገረም።"

"እና?"

"እና... ዴልበርት ሌላ ትራክተር አለኝ፣ አወጣዋለሁ ይላል። ግን ካልፈለግሽ እዚሁ ይቁም። አንቺ በቴነሲ ትተኛለሽ፣ እኔ በአርካንሶ። በቃ። አንቺን ማስለቀስ አልፈልግም።"

ፊቷን አየሁት። ጭቃ ፈንጥቆበታል። የምታሾፍ መስሎኝ ነበር፤ አታሾፍም። እውነቷን ነው፣ ቤታችንን ወንዝ መሀል ልታቆምልኝ ነው። ልቤ ስፍስፍ አለ። ግን ሞኝ አይደለሁም፣ ወጥ ቤታችን ያለው በኔ ወገን ነው።

"ጠረጴዛው የት ነው ያለው?" አልኳት።

"የቱ ጠረጴዛ?"

"አታድርቂኝ። የምትማሪበት!"

ከፊቷ ላይ ጭቃውን ጠረገች። "ኮምፒውተሩን አልጋዬ ላይ ይዤ እማራለሁ" አለች።

"እዚያ ኢንተርኔቱ አይይዝም።"

"በር ላይ ቆሜ እሞክራለሁ።"

"በጸደይ ውሃው ሲሞላስ?"

"ያኔ እናስባለን።"

ልጄ ለእኔ ግትርነት ስትል በር ላይ ቆማ ልትማር። ለአንዲት አሮጊት ኩራት ብላ፣ እግሯ እስኪያብጥ! አፈርኩ። ሆይት ቢኖር ምን ይል ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ፣ ሆይት የሞተው ልጁ ምን ማድረግ እንዳለባት ሳታውቅ መሆኑን አሰብኩ። ለሱ ቴነሲ ደርሳለታለች እንዴ? ድልድይ ስትዞር ነው የሞተው። ይኼን በልቤ እንኳ ብዬው አላውቅም ነበር፤ እያመመኝ አልኩት።

ተነሣሁ፤ ወለሉ ስላዘነበለ ግድግዳውን ይዤ ሄድኩና መስኮቱን ከፈትኩ። ዴልበርት ጭቃ መስሎ ቆሟል።

"አንተ ዴልበርት!"

"አቤት እትዬ ኢዩላ! ምን አጠፋሁ?"

"ምን ይገትርሃል? ሌላውን ትራክተር አምጣና ጎትት!"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ጎትት ብዬሃለሁ! ሁለቴ አታስለምነኝ።"

ጎተተ። ቤቱ ከጭቃው ሲላቀቅ የመምጠጥ ድምፅ አሰማ፣ መሬቱ ያልለቀቀን ይመስል። ኔቫ እጄን ይዛ ነበር፤ እኔም አልለቀቅኋትም። ወጣ ስንል ጉሙ ተገለጠ፣ የአርካንሶ ፀሐይ በመስኮታችን ገባች። ፀሐይ ያው ፀሐይ ናት፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም። የተጠበሰ አምባዛ ቢያቀርቡልኝም አልበላሁም። ሆይትን ጥዬው ሄድኩ እያልኩ አዝን ነበር።

ልምምዱ ሊጀመር ሲል፣ ኔቫ ክሊኒኩ ዩኒፎርም ልትለካ ሄዳ እኔ ብቻዬን በረንዳ ላይ ሸለብ አድርጎኝ ስልኩ ጮኸ። በሕልሜ መሰለኝና ቶሎ አላነሣሁትም። ወይዘሮ ኦካምፖ ናት።

"ልጅዎ አሉ?"

"የለችም። ክሊኒክ ሄዳለች።"

"እንግዲያው እርስዎን ልጠይቅ። ከልጅዎ ጋር አብረው ነው የሚኖሩት?"

"አዎ፣ አብረን ነን።"

"የት ነው የምትኖሩት? ደብዳቤ የሚደርስበትን ሳይሆን፣ አሁን ያላችሁበትን ነው የምጠይቅዎት።"

ከፊቴ ደረቁ ወንዝ አለ። ከማዶ የፔካን ዛፎቹ ይታያሉ፤ ከሥራቸው ሆይት ተኝቷል። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ሁሉ ስመልስ የኖርኩት መልስ አፌ ላይ መጣ፤ ልማድ ነው፣ ራሱ ነው የሚወጣው። ቴነሲ፤ አንድ ቃል ብቻ ነች፤ ብናገራት ልጄ አለቀላት። ጥርሴን ነክሼ ቃሏን ዋጥኳት።

"ይሰማዎታል?" አለች።

"ይሰማኛል።"

"ጊዜ ይውሰዱ።"

"አርካንሶ" አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። "እኔም ልጄም። አልጋዋም እዚህ ነው፣ የምትማርበት ጠረጴዛም እዚህ ነው። ሁላችንም እዚህ ነን።"

"ደህና ነዎት እመቤቴ?"

"ደህና ነኝ። ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ ይጻፉት!"

ስትጽፍ የኮምፒውተሯ ቁልፎች ሲንኳኩ ሰማሁ። አመሰገነችኝና ዘጋች። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ ማንም በሌለበት፣ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።